ወደ አልፑሃራ የተራራ መንደሮች ለመሄድ፦ ውሃውን የሚከተል መመሪያ

አልሃምብራ የሚባለውን የድሮ ሙስሊም ነገሥታት ቤተ መንግሥት አይቶ ብቻ ከስፔኗ ግራናዳ የሚመለስ ሰው ብዙ ነው። ቤተ መንግሥቱ ያምራል፤ እሱ ላይ ክርክር የለም። ግን የንጉሡን ቤት ማየትና የገበሬውን ኑሮ ማየት ለየቅል ናቸው። አውሮፓውያን «ሙሮች» የሚሏቸው የአንዳሉስ (ሙስሊሞች ይገዙት የነበረው ስፔን) ሙስሊሞች አብዛኞቹ አራሾች ነበሩ። እርሻቸው ዛሬም ይታረሳል። ከግራናዳ በስተደቡብ፣ በሴራ ኔቫዳ ተራራ ጀርባ፣ አልፑሃራ በሚባለው አገር።

እዚያ ነጫጭ መንደሮች ተዳፋት ላይ ተለጥፈው ታያላችሁ። ከሥራቸው እርከን፣ ከእርከኑም ሥር ሌላ እርከን። ከሁሉም በላይ ሙላሴን ቆሟል። ቁመቱ ወደ 3,480 ሜትር ይጠጋል፤ በኢቤሪያ ልሳነ ምድር የሚበልጠው ተራራ የለም።

ብዙው ጎብኚ በአውቶብስ ይመጣል፣ አደባባዩ ላይ ቡናውን ይጠጣል፣ ምንጣፍ ይገዛል፣ ይሄዳል። ይሄ ሰው መንደሩን አላየም። እኔ የምመክራችሁ ውሃውን እንድትከተሉ ነው። መንደሩ ለምን እዚያ ላይ ተሠራ፣ እርከኑ እንዴት አምስት መቶ ዓመት ቆየ፣ የተባረሩት ሰዎች ምን ጥለው ሄዱ፣ መልሱ ያለው ቦዩ ላይ ነው። ይሄ መመሪያም የተዘጋጀው በዚያው መንገድ ነው።

መጀመሪያ ታሪኩን ያዙ

ያለ ታሪኩ መንደሩ ቆንጆ ፎቶ ብቻ ነው። ስለዚህ ባጭሩ። (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የሙስሊሞቹ ግራናዳ ለስፔን ክርስቲያን ነገሥታት እጇን የሰጠችው በጥር 1492 ነው። የመጨረሻው ሱልጣን ቦአብዲል አልፑሃራ ውስጥ ርስት ተሰጥቶት ጥቂት ቆየ። በ1493 ባሕር ተሻግሮ ወደ ሞሮኮ ሄደ። ሕዝቡ ግን ቀረ። ሃይማኖታችሁ አይነካም ተብለው ነበር፤ ቃሉ ዐሥር ዓመት እንኳ አልቆየም። በግድ ተጠመቁ፣ ከዚያ በኋላ «ሞሪስኮ» ተባሉ። በ1567 የስፔኑ ንጉሥ ዳግማዊ ፊሊፕ ቋንቋቸውን፣ አለባበሳቸውን፣ መታጠቢያ ቤታቸውን ሳይቀር ከለከለ። በ1568 የገና ዋዜማ ዐመፁ። ፈርናንዶ ዴ ቫሎር የሚባል ሰው አቤን ኡመያ ተብሎ ነገሠ። ዓመት ሳይሞላው የገዛ ወገኖቹ ገደሉት። ጦርነቱ በ1571 ሲያበቃ ሞሪስኮዎቹ ከቀያቸው ተነቅለው በካስቲያ፣ በመሃል ስፔን፣ ተበትነዋል። ከ1609 እስከ 1614 ባለው ጊዜ ደግሞ ከነጭራሹ ከስፔን ተባረሩ።

በባዶዎቹ መንደሮች ከሰሜን ስፔን፣ ማለትም ከጋሊሲያ፣ ከሊዮንና ከአስቱሪያስ፣ እንዲሁም ከሌላም ቦታ የመጡ ሰፋሪዎች ገቡ። ከጋሊሲያና ከአስቱሪያስ የመጡት ዝናብ የማይጠፋበት አገር ሰዎች ናቸው። ተራራ ላይ ቦይ ማስተዳደር ከየት ያውቃሉ? ሥራውን እንዲያሳዩአቸው በየመንደሩ ሁለት ሁለት የሞሪስኮ ቤተሰብ እንዲቀር ተደርጓል የሚል ወግ እስከ ዛሬ ይነገራል። ቤት ተነጥቆ፣ ጎረቤት ተባሮ፣ ለመጣው ሰው የውሃ ተራ ማስተማር! ቦዩ ዳር ስትሄዱ ይህን አትርሱ።

ደረጃ 1፦ መንደር ምረጡ

ስህተት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። ሰው ሁሉንም መንደር በአንድ ቀን ሊጨርስ ይነሳል፤ ማታ የሚያስታውሰው የመኪናውን መስኮት ነው። ሁለት አካባቢ ይበቃችኋል።

አንደኛው የፖኬይራ ሸለቆ ነው። ሦስት መንደሮች አንዱ ካንዱ በላይ ተደርድረዋል። ፓምፓኔይራ ወደ 1,060 ሜትር፣ ቡቢዮን ወደ 1,300 ሜትር፣ ካፒሌይራ ከ1,400 ሜትር ከፍ ብላ። ፓምፓኔይራ ታምራለች፤ ግን ቅዳሜና እሁድ መርካቶ ናት። ካፒሌይራ ማደሪያና ምግብ ቤት አላት፤ ተራራ ለሚወጡም መነሻ ናት። በመሃል ያለችው ቡቢዮን ጸጥ ትላለች። እኔን ከጠየቃችሁኝ ቡቢዮን እደሩ።

ሁለተኛው ላ ታሃ ነው። ፒትሬስ ከላይ፣ ከሥሩ ደግሞ ሜሲና፣ ፎንዳሌስ፣ ፌሬይሮላ፣ አታልቤይታር የሚባሉ ትንንሽ መንደሮች። እዚህ የምንጣፍ ሱቅ አታገኙም። የምታገኙት በለስ፣ ውሻ፣ የሚፈስ ውሃ ነው። የገበሬ መንደር ማየት የሚፈልግ ሰው መምጣት ያለበት እዚህ ነው።

ትሬቬሌስ የአሳማ ሥጋ በማድረቅ ዝነኛ ናት። ሶፖርቱሃር ደግሞ በጠንቋይ ተረት ቱሪስት ትጠራለች። ልጆች ከያዛችሁ ይዝናናሉ፤ ሌላው ቢዘላት ብዙ አይቀርበትም።

ደረጃ 2፦ ወቅቱን ጠብቁ

ከሚያዝያ አጋማሽ እስከ ሰኔ መጀመሪያ ያለው ጊዜ አንደኛ ነው። በረዶው ይቀልጣል፣ ቦዮቹ ሞልተው ይፈሳሉ፣ አትክልቱ ይተከላል። ውሃውን ልከተል ካላችሁ ሌላ ወቅት አትፈልጉ።

መስከረምና ጥቅምትም ጥሩ ናቸው። በለስ ይለቀማል፣ በርበሬ ይሰጣል። ወደ ጥቅምት መጨረሻ ካስታኛ የሚባለው፣ ተጠብሶ የሚበላው ፍሬ ይደርሳል። ነሐሴ ላይ የበዓል ሰሞን ስለሆነ ከከተማ የተመለሰው የመንደሩ ልጅ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ማደሪያ ይጠፋል። ክረምታቸው፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ ይበርዳል፤ ወፍራም ጃኬት ሳትይዙ አትሂዱ።

ከአዲስ አበባ ለሚመጣ ሰው ከፍታው ምንም አይደለም። ካፒሌይራ እንኳ ከአዲስ አበባ በብዙ መቶ ሜትር ዝቅ ትላለች። ዳገቱ ግን ዳገት ነው።

ደረጃ 3፦ መንገዱ

ስፔን ሸንገን በሚባለው የአውሮፓ የጋራ ቪዛ ቀጠና ውስጥ ናት። የሸንገን አገር የመኖሪያ ፈቃድ ያላችሁ በፈቃዳችሁና በፓስፖርታችሁ ትገባላችሁ፤ በ180 ቀን ውስጥ እስከ 90 ቀን መቆየት ይቻላል። እንግሊዝ አገር በኢትዮጵያ ፓስፖርት የምትኖሩ ግን ቪዛ ያስፈልጋችኋል። ከአገር ቤት የምትመጡም እንዲሁ፤ ቀጠሮውን አስቀድማችሁ ያዙ።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ማድሪድ ይበራል። ከማድሪድ ግራናዳ ከ2019 ጀምሮ ፈጣን ባቡር አለ፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈጃል። አውሮፓ ውስጥ ለምትኖሩ ርካሹ አብዛኛውን ጊዜ ማላጋ ማረፍ ነው። ከዚያ ግራናዳ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ገደማ።

ከግራናዳ አውቶብስ ተራ አልሳ የሚባለው ድርጅት ወደ አልፑሃራ ይሄዳል። በላንሃሮንና በኦርሂቫ አልፎ ፓምፓኔይራ፣ ቡቢዮን፣ ካፒሌይራ፣ ፒትሬስ እያለ ይቀጥላል። ላይኞቹ መንደሮች ለመድረስ ከሁለት ሰዓት በላይ ይወስዳል። በቀን የሚሄደው ጥቂት ጊዜ ብቻ ነው። አንዱ ካመለጣችሁ ቀኑ ሄደ ማለት ነው። የመመለሻውንም ሰዓት ከመሄዳችሁ በፊት ፎቶ አንሱት።

መኪና ከተከራያችሁ በኤ-44 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ ወርዳችሁ ወደ ላንሃሮን ትታጠፋላችሁ። ከኦርሂቫ በኋላ መንገዱ ጥምዝምዝ ነው። ነዳጅ ኦርሂቫ ሙሉ። ሆዱ ቶሎ የሚታወክ ሰው ከፊት ይቀመጥ፣ ከመነሳቱ በፊትም ብዙ አይብላ። መንደር ስትደርሱ መኪናውን መግቢያው ላይ አቁሙ። ካርታው «እለፍ» ቢላችሁም ወደ ውስጥ አትግቡ። መንገዶቹ የተሠሩት ለበቅሎ ነው፤ መሃል ላይ መስታወቱ ግድግዳ ይዞ የቀረ የኪራይ መኪና ለመንደሩ ሰው የሳምንት ወሬ ነው።

ደረጃ 4፦ እንደደረሳችሁ ቤቱን አስተውሉ

ዕቃችሁን አስቀምጡና ከመንደሩ ከፍ ወዳለ ቦታ ውጡ። ወደ ታች ተመልከቱ። ጣሪያዎቹ እንደ ሌላው የስፔን መንደር ቀይ ሸክላ አይደሉም። ጠፍጣፋና ግራጫ ናቸው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ከግድግዳ ግድግዳ የካስታኛው ዛፍ ግንድ ይጋደማል። በላዩ ስስ ጠፍጣፋ ድንጋይ ወይም ሸንበቆ ይደረደራል። ከዚያ ላውና የሚባል ግራጫ አፈር ይነጠፋል። አፈሩ ከዚያው ተራራ የሚቆፈር ነው። ዝናብ ሲነካው አብጦ ይደፈንና ውሃ አያሳልፍም። በጣሪያው ጠርዝ ወጣ ወጣ ያሉት ድንጋዮች ውሃው ግድግዳውን ሳይነካ እንዲንጠባጠብ ያደርጋሉ። ሞሮኮ፣ አትላስ ተራራ ላይ ያሉ የበርበር መንደሮችም እንዲህ ያለ ጣሪያ አላቸው። ወንድማማችነቱ ዐይን ላይ ነው።

ተዳፋቱ ቀጥ ያለ ስለሆነ የታችኛው ቤት ጣሪያ ከላይኛው ቤት በር ጋር እኩል ሊሆን ይችላል። ጣሪያው በለስና በርበሬ ማስጫ ነው። በሁለት ቤቶች መሃል ደግሞ መንገዱን የሚሸፍን ጣሪያ ታያላችሁ። ቲናኦ ይሉታል። ለጥላ፣ ለማገዶ፣ ለአበባ ማስቀመጫ፣ ለወሬም ይሆናል። መተላለፊያው የሁሉም ነው፤ በር ላይ የተቀመጠው ወንበር ግን የሰው ቤት ስለሆነ አትቀመጡበት።

ውስጡን ለማየት ቡቢዮን ውስጥ እንደ ድሮው የተሰናዳ የቤት ሙዚየም አለ። ወጥ ቤቱን፣ የእርሻ ዕቃውን አይታችሁ ውጡ፤ ብዙ ሰዓት አይወስድም። ቤተ ክርስቲያኖቹ ብዙዎቹ የቆሙት የድሮው መስጊድ በነበረበት ቦታ ነው።

ደረጃ 5፦ ቦዩን ተከተሉ

ይሄ የጉዞው እምብርት ነው። ቢያንስ አንድ ሙሉ ቀን ስጡት። ሁለት ከሆነ ደግሞ እሰየው።

ከላይ እንጀምር። ሴራ ኔቫዳ ላይ በፀደይ በረዶ ሲቀልጥ ውሃው በአንድ ጊዜ ይመጣል። ዝም ብለው ቢተዉት በወንዝ ወርዶ ሜዲትራኒያን ይገባል፤ በሐምሌ ሜዳው ይደርቃል። ስለዚህ ገበሬዎቹ ከፍ ካለው ቦታ ላይ ወንዙን ጠልፈው በቦይ ይመሩታል። ቦዩን አሴኪያ ይሉታል። ከላይኞቹ ቦዮች አንዳንዶቹ ሥራቸው እርሻ ማጠጣት አይደለም። ውሃውን ተራራው ላይ ልቅ አፈር ወዳለበት ወስደው ሆን ብለው እንዲሰርግ ይለቁታል። ውሃው በመሬት ውስጥ ቀስ እያለ ይወርዳል። ከሳምንታት ወይም ከወራት በኋላ፣ ሙቀቱ ሲበረታ፣ ከታች ምንጭ ሆኖ ይወጣል። ተራራውን ራሱን ጎተራ አደረጉት። ግድብ የለም፣ ሲሚንቶ የለም።

ከታች ያሉት ቦዮች ደግሞ ምንጩንና ወንዙን ይዘው በየእርከኑ ያከፋፍላሉ። ውሃው በተራ ነው። የተጠቃሚዎች ማኅበር አለ፣ ቦዩን የሚጠብቅና ተራውን የሚያስከብር ሰውም አለ። እኛ አገር የውሃ አባት የምንለው ዓይነት ነው። በዓመት አንዴ ቦዩ ይጠረጋል። ወጣቱ ወደ ከተማ ሲሄድ ብዙ ቦይ ጠፍቷል፤ በቅርብ ዓመታት የግራናዳ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች ከበጎ ፈቃደኞችና ከገበሬዎች ጋር ሆነው የተደፈኑትን መጥረግ ጀምረዋል።

አሁን ወደ እግር ጉዞው።

የመጀመሪያው ቀን፦ በአውቶብስ ካፒሌይራ ውጡና ቁልቁል ተመለሱ። ካፒሌይራ፣ ቡቢዮን፣ ፓምፓኔይራ። ሽቅብ የሚሄዱ ሰዎች ይገጥሟችኋል፤ ፊታቸውን አይታችሁ ምርጫችሁ ትክክል እንደሆነ ታውቃላችሁ። ሳትቸኩሉ ሁለት ሰዓት ቢፈጅ ነው። መንገዱ በእርከኖቹ መሃል ያልፋል። በተዳፋቱ ላይ በድንጋይ የተነጠፉ ክብ ሜዳዎች ካያችሁ አትለፏቸው። አውድማ ናቸው። ስንዴውና ገብሱ በእንስሳ ተረግጦ፣ ነፋስ በሚመጣበት ሰዓት ይመረት ነበር። ነፋስ በሚያገኘው ጫፍ ላይ የተሠሩትም ለዚያ ነው።

ፓምፓኔይራ ስትደርሱ ቹምፓኔይራ ከሚባለው ምንጭ ጠጡ። ላጤ ሰው ለማግባት አስቦ ከጠጣ ወዲያው እጮኛ ያገኛል ይላል ጽሑፉ። ያገባችሁ ራቅ ብላችሁ ፎቶ አንሱ።

ሁለተኛው ቀን፦ ፒትሬስ ውረዱ። ከዚያ በሜሲና በኩል ወደ ፎንዳሌስ፣ ከፎንዳሌስ ወደ ፌሬይሮላ፣ በአታልቤይታር አድርጋችሁ ወደ ፒትሬስ። ግማሽ ቀን ያዙለት። ከፎንዳሌስ ሥር፣ ትሬቬሌስ ወንዝ ላይ፣ አሮጌ የድንጋይ ድልድይና የፈረሰ ወፍጮ አለ። መውረዱ ቀላል ነው፤ መመለሱን አስቡበት።

በዚህ መንገድ ላይ ቦዩ አጠገባችሁ ይሄዳል። አንድ ቦታ ቁሙና መከፋፈያውን ተመልከቱ። ብዙ ጊዜ የሚያስገርም ነገር የለውም። አንድ ቁራጭ ላሜራ ወይም ጠፍጣፋ ድንጋይ፣ ዙሪያውን ጭቃና ቡትቶ ተወትፎበት። እሱን አንስተው ወደ ሌላው ቀዳዳ ሲያዞሩት ውሃው ወደ ጎረቤት ማሳ ይታጠፋል። ቲማቲሙ፣ ባቄላው፣ ድንቹ በየተራው ይጠጣል። ያንን ላሜራ እንዳትነኩ! ለጨዋታ የነቀላችሁት ቀዳዳ የአንድ ሽማግሌ የሳምንት ተራ ሊሆን ይችላል።

ከፌሬይሮላ ጥቂት ወጣ ብሎ ላ ጋሴኦሳ የሚባል ምንጭ አለ። ከመሬት ሲወጣ ጋዝ ያለው ውሃ ነው፤ ብረትም ስላለበት ድንጋዩ ቀልቷል። ቅመሱት፤ አምቦ ውሃ ላይ ሚስማር የተዘፈዘፈ ይመስላል። መሄድ ያልቻለ ሰው በፖርቱጎስ መንገድ ዳር ፉዌንቴ አግሪያ የሚባለውን ተመሳሳይ ምንጭ ያገኛል።

ለእግሩ የሚይዝ ጫማ፣ ኮፍያ፣ አንድ ሊትር ውሃ በነፍስ ወከፍ። ነጭና ቀይ ቀለም የተቀባበት ድንጋይ የረጅም የእግር ጉዞ መንገድ ምልክት ነው። ቀለሙ በመስቀል ቅርጽ ከሆነ «በዚህ አይደለም» ማለት ነው።

ደረጃ 6፦ ሆድን በተመለከተ

ነገሩ አስቂኝም አሳዛኝም ነው። የሙስሊም ገበሬዎች መንደር የነበረው አገር ዛሬ የሚታወቀው በአሳማ ሥጋ ነው። በየምግብ ቤቱ ጣሪያ ሥር የአሳማ እግር ተንጠልጥሏል። «ፕላቶ አልፑሃሬኞ» የሚባለው ዋናው ምግብ ድንች፣ እንቁላል፣ ከዚያ የአሳማ ቋሊማና የደም ቋሊማ ከነደረቁ ሥጋ ነው።

ሙስሊምም ሁኑ ኦርቶዶክስ፣ «ሥጋ አልበላም» ማለት ብቻ አያድናችሁም። «ሲን ካርኔ» (ያለ ሥጋ) ስትሉ ለብዙ ሰው ሃሞን፣ ማለትም የደረቀው የአሳማ እግር፣ እዚያ ውስጥ አይቆጠርም፤ ባቄላው ላይ ከትፎ ያመጣላችኋል። በግልጽ «ሲን ሃሞን፣ ሲን ቾሪሶ፣ ናዳ ዴ ሴርዶ» በሉ። ቾሪሶ ቋሊማው ነው። የመጨረሻው «አሳማ የሚባል ነገር እንዳይነካው» ነው። ማንቴካዶ የሚባለው ብስኩት የአሳማ ሞራ አለበት። ጣፋጭ ነው ብላችሁ ዝም ብላችሁ አትጉረሱ።

የምትበሉት አታጡም። «ፓፓስ አ ሎ ፖብሬ» ድንች በሽንኩርትና በቃሪያ በወይራ ዘይት ቀስ ብሎ የበሰለ ነው። ያለ እንቁላል ካዘዛችሁት ለጾም ይሆናል። የተጠበሰ ደበርጃን በሸንኮራ ማር አለ። ጾም ካልሆነ የፍየል አይብ፣ ትሬቬሌስ ከሄዳችሁም ትራውት ዓሣ። «ፓን ዴ ኢጎ» የሚባለው ከደረቀ በለስና ከአልሞንድ የተጋገረ የሚመስል ጥፍጥፍ ነው፤ ለመንገድ እሱን ያዙ።

ምሳ በእኛ አቆጣጠር ከ8 ሰዓት በፊት፣ እራት ከምሽቱ 2 ሰዓት ተኩል በፊት አትጠብቁ። ከ8 እስከ 11 ሰዓት ሱቁ ሁሉ ይዘጋል። ትንንሾቹ መንደሮች ውስጥ ጭራሽ ሱቅ ላይኖር ስለሚችል ዳቦና ፍራፍሬ ከፒትሬስ ወይም ከኦርሂቫ ገዝታችሁ ግቡ። ጥሬ ገንዘብም ያዙ።

ደረጃ 7፦ ከሰው ጋር

ያገኛችሁትን ሁሉ ሰላም በሉ። ጠዋት «ቡዌኖስ ዲያስ»፣ ከምሳ በኋላ «ቡዌናስ ታርዴስ»። ሰላም ሳይል የሚያልፍ ሰው እዚያም ባለጌ ነው። ሽማግሌ ቦይ ሲከፍት ካያችሁ ቆም ብላችሁ «አጉዋ፣ ሙይ ቡዌና» (ውሃው በጣም ጥሩ ነው) በሉ። ስፓኒሽ ባትችሉም ያስረዳችኋል፤ በእጁ።

እርከን ላይ ያለ በለስ የሰው ነው። የወደቀውም ቢሆን። ካቡን እየረገጣችሁ አትውጡ፤ ያለ ሲሚንቶ የተካበ ስለሆነ አንድ ድንጋይ ሲወጣ አፈሩ ይከተላል። ሰዎችን ፎቶ ከማንሳታችሁ በፊት ጠይቁ።

ደረጃ 8፦ ስትመለሱ

መግዛት ከፈለጋችሁ ሃራፓ የሚባለውን ምንጣፍ ግዙ። ከጨርቅ ቁርጥራጭ በእጅ የሚሸመን ነው። ሁሉም ግን የመንደሩ ሥራ አይደለም። ሸማኔው መሣሪያው ላይ ተቀምጦ ካያችሁበት ቤት ግዙ፤ ጠርዙንም ገልብጣችሁ እዩ፣ የፋብሪካው ከሁለቱም ወገን አንድ ወጥ ነው። ትልቁ ከባድ ስለሆነ የአውሮፕላን ኪሎ አስሉ።

የመጨረሻውን ቀን አውቶብስ ከበረራችሁ ጋር አታጣብቁት። ከሰዓት በኋላ የሚነሳ በረራ ካላችሁ ዋዜማውን ግራናዳ ወርዳችሁ እደሩ። አልሃምብራን ገና ካላያችሁት ቲኬቱን ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት ቁረጡ፤ በዕለቱ በር ላይ ሄዶ ማግኘት ዕድል ነው። ስትገቡ ፎቶ የሚነሳበትን ገንዳ ለሌላው ተዉለትና ኼኔራሊፌ ወደሚባለው የአትክልት ቦታ ሂዱ። ውሃው ከዳሮ ወንዝ ላይ ተጠልፎ በቦይ የመጣ ነው።